ወንድም ጋሼ ጃጓር ገዛ

የዛሬው ስለ ፈተና አይደለም፣ ስለ ደሞዝም አይደለም። ስለ መኪና ነው። ረጅም ስለሆነ ዳታ የሚቆጥብ ሰው ይለፈው፣ አልቀየምም። ወንድሜን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ፣ የቀረውን እንደፈለግክ» ብሎኛል።

ወንድሜ በ11 ዓመት ይበልጠኛል። «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው፣ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። በ1996 ዓ.ም. ከአዳማ ወጣ፤ ዞሮ ዞሮ ለንደን ገባ። የመጀመሪያ ሥራው መኪና ማጠብ ነበር፣ አሁን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የአባዬ መድኃኒት፣ የአባዬ ቀብርና ተዝካር፣ የኔ የኮሌጅ ዓመታት፣ የእማዬ አስቤዛ፣ ሁሉም ከሱ ኪስ የወጣ ነው።

ታዲያ የካቲት 2017 ላይ ቴሌግራም ስከፍት ፎቶ ልኮልኛል። ረጅም፣ ወደ መሬት የተጠጋች፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር መኪና። ኮፈኗ ብቻ የኛን ሳሎን ታክላለች። ከሥሩ አንድ ቃል፦ «ገዛኋት»።

ጃጓር ኤክስጄ-ኤስ ናት። በፈረንጆቹ 1984 የተሠራች፣ ማለትም በዕድሜ ትበልጠኛለች።

«ስንት?» አልኩት።

«6,800 ፓውንድ።»

በጊዜው ምንዛሪ ሳሰላው ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለደሞዜ አካፈልኩት፤ ከአሥር ዓመት በላይ መጣ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ማካፈል አልሳሳትም።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የእማዬ ቤት ጣሪያ ጉዳይ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሦስት ቦታ ባልዲ እንደቅናለን። ተቀምጬ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። «እማዬ ባልዲ ሥር እየተኛች አንተ አሮጌ መኪና ትሰበስባለህ?» አልኩት። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፣ «አባዬ ሲቀበር ያልመጣኸው ብር የለኝም ብለህ አልነበር?» አልኩት። አባዬ ያረፈው 2002 ላይ ነው። ወንድሜ ያልመጣው በብር አልነበረም፣ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትም ነበር። አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

አነበበው። ሁለቱ ምልክት ታየኝ። መልስ ግን የለም።

አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ለፋሲካ ደውሎ ከእማዬ ጋር ሲሳሳቅ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፤ «እስቲ እሱን አገናኚኝ» አላለም። እማዬም ስልኩን አላቀበለችኝም።

ምን ልበላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ነው ስለዚህች መኪና ማንበብ የጀመርኩት። ላደንቃት አይደለም። ሲደውል የምሰድብበት ማስረጃ ፍለጋ ነው። ማስረጃው ደግሞ ሞልቷል።

ኤክስጄ-ኤስ የወጣችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1975 ነው። ባለ 12 ሲሊንደር፣ 5.3 ሊትር ሞተር። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ዓለምን ካንገጫገጨ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ! በዚያ ላይ የቦታዋ ወራሽ ነች የተባለችው ኢ-ታይፕ የምትባለዋ፣ ሰው ሁሉ ቆንጆ ያላት መኪና ናት። ሰዉ ሌላ ቆንጆ ሲጠብቅ ይቺ መጣች፤ ከኋላ መስኮቷ ግራና ቀኝ እስከ ጭራዋ የሚወርዱ ሁለት የላሜራ ክንፎች ያሏት። ብዙዎች አልወደዷትም። ያኔ ኩባንያው የነበረበት ትልቁ የእንግሊዝ መኪና ድርጅት ተንኮታኩቶ መንግሥት ወርሶታል፣ የአሠራሩ ጥራት ስሙ ጠፍቷል። በ1980 በዓመት የተመረተችው ከ1,100 ያነሰች ናት። ልትቀር ትንሽ ነበር የቀራት።

ያዳናት የሞተሩ ቴስታታ ነው። ማይክል ሜይ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ የቃጠሎ ክፍሉን ቅርጽ ቀየረው። አየርና ቤንዚኑ ሲታመቅ እየተሽከረከረ ካንዴላው ሥር ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ሳሳ ቢልም በደንብ ይቃጠላል። የመታመቂያው ንጽጽር 12.5 ለ1 ደረሰ። በ1981 ይሄ ሲገባ ፍጆታዋ ቀነሰ፣ ገበያዋም ተመለሰ፤ እስከ 1996 ድረስ ከ115,000 በላይ ተሠራች። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቴርሞዳይናሚክስ የት ይጠቅመናል ትሉኝ አልነበር? አንድ ፋብሪካ ከመዘጋት ያድናል።

ቅርጿን የጀመረው ማልኮም ሴየር ነው። ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ሰው ነው፤ የመኪናን ጎን በእጁ እየሳለ ሳይሆን በሒሳብ እያሰላ ነበር የሚያወጣው። ሳይጨርሳት በ1970 ሞተ። ሌሎች ጨረሷት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ክንፎቿን ሳያቸው ትንሽ ሆዴን አባባኝ፤ ለመሳደብ የጀመርኩት ንባብ እጄ ላይ ተበላሸ ማለት ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ እሁድ ማታ፣ የድምፅ መልእክት መጣ። ሰላምታ የለው፣ ይቅርታ የለው።

«ቲቸር፣ መኪናዋ እየሞቀችብኝ ነው። ፊዚክስ አይደል የምታስተምረው?»

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ጠየቅኩት፦ «የምትሞቀው ስትቆም ነው ወይስ ስትሄድ?»

ልብ በሉ፣ ይሄ ጥያቄ ግማሽ ምርመራ ነው። ስትቆም ብቻ ከሞቀች ማራገቢያው ነው፤ መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋልና። በፍጥነት ስትሄድ ከሞቀች ውሃው በደንብ አይዘዋወርም ወይም ማቀጣጠያው ከጊዜው ዘግይቷል። የወንድም ጋሼ መልስ «ሁለቱም» ነበር። በቪዲዮ ገባን። አንድ ጠባብ ጋራዥ ተከራይቷል፣ መኪናዋ ገብታ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ራዲያተሩን ከላይ ወደ ታች በእጁ እንዲዳስስ ነገርኩት። ላዩ ያቃጥላል፣ የታችኛው ክፍል ቀዝቃዛ። ታችኛው ደለል ሞልቶታል፣ ውሃ አያሳልፍም። ረዳቷ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ደግሞ ጭራሽ አትዞርም። የማቀጣጠያ ማከፋፈያው ውስጥ ያለው ክብደት፣ ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱን የሚያስቀድመው፣ ቅባቱ ደርቆ ተጣብቋል። የ40 ዓመት ቅባት ምን ይሁን?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ እሱን እንዲህ የምለው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ሆነ። የሱ ረፍት ከኔ ረፍት ጋር ሲገጥም ስልኩን ጎማ ላይ አስደግፎ ይሠራል፣ እኔ ከዚህ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ አልተግባባንም፤ በቁጣ ሳይሆን በቋንቋ። እኔ ከአባዬ ጋራዥ የቀሰምኩት ሁሉ ጣልያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሰልባትዮ። እሱ ደግሞ እነዚህን ረስቶ በእንግሊዝኛ ነው የሚያውቃቸው። «ሰልባትዮው ያለው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ነው» ስለው «ምኑ?» ይለኛል። «ቤንዚን የሚጠራቀምበት!» «እንዲህ አትልም?» ሁለት አዳሜዎች፣ አንድ የእንግሊዝ መኪና፣ የጣልያን ስም። አባዬ ቢሰማን በሳቅ ይሞት ነበር።

አንድ ቀን 13 ቁጥር ቁልፍ አስይዤ ብሎን አስፈታሁት። ብሎኑ ጥርሱ ተበልቶ ከብ ሆኖ ቀረ። የዚህች መኪና ብሎኖች በሚሊ ሜትር አይደሉም፣ በኢንች ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ13 ቁልፍ ሲያዝ የገባ ይመስላል፣ ሲጠብቅ ግን ያሾልካል። ያቺን ብሎን ለማውጣት አንድ እሁድ ሙሉ ፈጀ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አመንኩ።

ሌላው የዝገቱ ነገር ነው። ሻጩ «ዝገት ነክቷት አያውቅም» ብሎ ነበር የሸጠለት። ከፍሪጅ ላይ ማግኔት አምጣ አልኩት። በሩ ሥር ባለው ወገብ ላይ አስለጠፍኩት። እዚህ ያዘ። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ያዘ። ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ሲደርስ ማግኔቷ ጠብ አለች። እንደገና ለጠፋት፣ ወደቀች። ስቱኮ ነው። ስቱኮ ተለጥፎ፣ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ። ሲያንኳኳው ድምፁ እንደ ዱባ ነው። የኋላውን አክስል የሚይዘው ክንድ የሚታሰረው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው፣ ቀልድ ቦታ አይደለም። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ እስኪበየድ ሌላ 1,900 ፓውንድ ወጣ። ከመግዛቱ በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ማግኔት ይድን ነበር። ግን እኔን ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ምን እንደምለው ያውቃል፤ ደግሞም ያልኩትን አይታችኋል።

አሁን ወደ ማዘመኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ክርክራችን እዚህ ላይ ነበር።

እንግሊዝ አገር መኪና 40 ዓመት ከሞላው ከመንገድ ግብር ነፃ ይሆናል። ከ1985 መግቢያ በፊት የተሠሩት ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በኛ መጋቢት 23 መሆኑ ነው፣ ነፃ ሆኑ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ጭስ የሚበዛው መኪና በወጣበት ቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል፤ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ መላ ከተማዋን ይመለከታል። በታሪካዊነት የተመዘገበ መኪና ግን ከዚህም ነፃ ነው። ወንድም ጋሼ የ1984 ሥሪት የመረጠው ለዚህ ነበር። እኔ እንደ ዕብድ ስቆጥረው ሰውዬው አስልቶ ነበር የገዛው። ዓመታዊው ምርመራም ይቀርለታል፣ መኪናዋ ከባድ ለውጥ ካልተደረገባት ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ምን ትቀይራለህ፣ ምን ትተዋለህ ነው።

የሱ ዝርዝር በሬዲዮ ነው የጀመረው። ፊቱ የድሮ፣ ውስጡ ብሉቱዝ። ከዚያ የዳሽቦርዱ አምፖሎች፣ ከዚያ የወንበሩ ቆዳ። የኔ ዝርዝር በቤንዚን ጎማ ቱቦዎች ጀመረ። ተጣላን። «አንተ ሁልጊዜ ደስ የሚለውን ነገር መጨረሻ ታደርጋለህ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12ቱ ቤንዚን መርጫዎች እያንዳንዳቸው አጭር ጎማ ቱቦ አላቸው፤ የተቀመጡት ደግሞ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ፣ ከሁሉ በላይ በሚሞቀው ቦታ ነው። ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ተራው ቤንዚን ኢ10 የሚባለው ነው፣ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት። ኤታኖል ደግሞ የድሮ ጎማ ጠላት ነው። ሙቀት፣ ኤታኖል፣ 40 ዓመት። ቀጥሎ የሚመጣውን ገምቱ። እሱ ግን ሬዲዮውን አስገጠመ። ደውሎ ሙዚቃ አሰማኝ። አመሰገንኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሥራ ሰዓቴ ደወለ። አስተማሪዎች ክፍል ነበርኩ። «ቤንዚን ይሸተኛል» አለ። «አታስነሳት። ኮፈኑን ክፈት፣ ባትሪውን ፍታ» አልኩት። ባትሪው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ሲሯሯጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ካሜራውን አዞረልኝ። አንዱ ቱቦ በጋ ላይ እንደ ደረቀ የጭቃ ሜዳ ተሰነጣጥቆ ጫፉ ላይ የቤንዚን ጠብታ አንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው ብረት ገና ትኩስ ነው። ሁለታችንም ዝም አልን። ከተቀጣጠለች የሚነደው ጋራዡ ነው፣ ከላዩ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ቤት አለ። በዚያው ሳምንት ቱቦዎቹን በሙሉ ኤታኖል በሚችል ቀየራቸው። ስለ ሬዲዮው ዳግመኛ አላነሳንም።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ራዲያተሩ ውስጡ ተቀየረ። በሞተሩ የሚዞረው የድሮ ማራገቢያ ወጥቶ ባለ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገባ፣ ሙቀቱ ሲደርስ በራሱ የሚነሳ። ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የሚጋገረው የማቀጣጠያ ሳጥን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ተዛወረ። ሳጥኑን ስንከፍተው፣ ውስጡ ያለው ዕቃ የአሜሪካኖቹ የጄኔራል ሞተርስ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋው የጥቂት ምሳ ነው። ካምቢዮውም የነሱ ነው፣ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ። አራተኛ ማርሽ ያለው ይገባላታል ብለው ያማከሩት ነበሩ፤ በሩቅ መንገድ ሞተሩ ዙሩን ይቀንስ ነበር። ተወው። «ለንደን ውስጥ ሦስተኛውንስ መቼ አገኘሁት?» ይላል። የፊት መብራቱን በዘመኑ ኤልኢዲ እቀይራለሁ ብሎ ነበር፣ ያንን እኔ አስተውኩት። ለሌላ አምፖል የተሠራ መስታወት ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። ኦፕቲክስ፣ ክፍል 10። የኋላ ፍሬኑን ግን ባላነሳው ደስ ይለኛል። ፍሬኑ ጎማው ጋ ሳይሆን መሀል ላይ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ በደንብ ለመሥራት አክስሉን በሙሉ ማውረድ ነው። ሦስት ጋራዥ አይተው መለሱት።

ትልቁ ክርክር ግን ኤሌክትሪክ ነበር። ይሄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚህ ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፣ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ቤንዚን ፍለጋ ደግሞ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። እዚያ አገር የድሮ መኪና ሞተር አውጥተው ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስገቡ ጋራዦች አሉ። አጣራ፤ ዋጋው መኪናዋ ከተገዛችበት ብዙ እጥፍ ነው። እኔ ግን ዋጋው አልነበረም ክርክሬ። ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር 4 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ምኗ ይከበራል? የመኪናዋ ነገር ቅርጿ ነው፣ ሴየር በሒሳብ ያሰላው። ሞተሩ ቢቀየር ምን ይጎድላል?

ያኔ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ በተቀጠረበት መኪና ማጠቢያ፣ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰውዬ እንዲህ ያለች መኪና ይዞ ይመጣ ነበር። ክረምት ነው፣ እጁ በውሃው ተሰነጣጥቋል። ኮፈኗ ረጅም ስለሆነች የሌላ መኪና ሁለት እጥፍ ትወስዳለች፣ አለቃው ግን የሚከፍለው እኩል ነው። ማንም ሊያጥባት አይፈልግም። ስለዚህ ለአዲሱ ሰው ሰጡት። «እኔ አጥባት ነበር» አለኝ፣ በቃ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

«እሺ፣ ግን አንተ ያጠብከው ላሜራውን ነው» አልኩት። «ሞተሩን አይተኸውም አታውቅም።»

ትንሽ ቆየ። «ሲሄድ ድምፁን እሰማዋለሁ» አለ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሞተሩ ቀረ።

አሁን የኔን ልናገር። ይሄን ፖስት ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ መኪናው ጎትቶ ወሰደኝ እንጂ።

2015 ላይ ወንድም ጋሼ ለእማዬ ጣሪያ 60,000 ብር ልኮ ነበር። በኔ በኩል ነው የላከው። እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ከኔ በኋላ የመጡት በዲግሪ እየመጡ ሲያልፉኝ ኖሬያለሁ። በማታው መርሐ ግብር ዲግሪ ልጀምር ብዬ ከዚያ ብር ላይ ከፈልኩ። ለእማዬ «ቆርቆሮ ተወደደ፣ ትንሽ እንቆይ» አልኳት። በእርግጥም ተወዶ ነበር፣ ውሸቱ የተመቸው ለዚህ ነው። ሁለት ተርም ተማርኩና አቋረጥኩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ግማሹ ስንፍና ነው። ከቀረው ብር ስልክ ገዛሁ። በዚያ ስልክ ነው «እማዬ ባልዲ ሥር እየተኛች» ብዬ የጻፍኩለት።

ሐምሌ ላይ አንድ እሁድ፣ እሱ መኪናዋ ሥር ተኝቷል፣ ስልኩ ወለል ላይ ነው፣ ከሰውየው የሚታየኝ ጫማው ብቻ። ፊቱን እያየሁ አልናገረውም ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ያ የቆርቆሮ ብር...»

«እ?»

«ለትምህርት ነው የከፈልኩት። ጣሪያው ላይ አልዋለም።»

ቁልፉ ብረት ሲነካ ይሰማኛል። አላቆመም።

«እማዬ ነግራኛለች» አለ።

«መቼ?»

«ያኔውኑ። ደረሰኙን ሱሪህ ኪስ ውስጥ አገኘችው፣ ልታጥብ ስትል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ትጨርሳለህ ብዬ ነዋ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ እያወቁ፣ እኔ በየክረምቱ ባልዲ እየደቀንኩ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ አወራቸው ነበር። የካቲት ላይ ያንን መልእክት ስልክለትም ያውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀ መልስ አልጻፈም።

ጫማው ተንቀሳቀሰ፣ ከሥር ወጣ፣ ፊቱ ላይ ግራሶ አለ። «ያቺን የአባዬን ነገር ግን አጥፋት» አለኝ። «አንዳንዴ ወደ ላይ ስፈልግ አገኛታለሁ።» ቴሌግራም ለሁለቱም ወገን ያጠፋል። እዚያው አጠፋኋት።

ክረምቱን በሙሉ የመልቀቂያ ፈተና ለሚወስዱ ልጆች ቱቶሪያል አስተማርኩ። በዚያ ብር የጣሪያው ግማሽ ተቀይሯል፣ መኝታ ቤቷ በኩል ያለው። የሳሎኑ ይቀራል፣ አንድ ባልዲ አለን። ወንድም ጋሼ «ልጨምርልህ» ሲል እማዬ ናት ቀድማ «ተወው፣ ይጨርሰው» ያለችው።

መኪናዋስ? ያለፈው እሁድ፣ ታኅሣሥ መግቢያ፣ ሞተሩን አስነስቶ እማዬን አሳያት። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አልተነሳም እንዴ?» አለች። ተነስቷል። ባለ 12 ሲሊንደር እንዲህ ነው። በ720 ዲግሪ ውስጥ 12 ፍንዳታ፣ በየ60 ዲግሪው አንድ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱ የስድስት ስድስት ረድፎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያመዛዝኑ ስለሆኑ ንዝረቱ ይጠፋል። የዚህ ሞተር ባለቤቶች ሳንቲም በጠርዙ ሞተሩ ላይ አቁመው ያሳያሉ። ወንድም ጋሼ ከአገር ሲወጣ ኪሱ ውስጥ የቀረች ሃምሳ ሳንቲም አለችው። አቆማት።

ወደቀች።

እንደገና አቆማት። ትንሽ ቆማ፣ ወደቀች።

«ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀይረሃል?» አልኩት፤ ድምፁ ውስጥ አንድ ቦታ የምትዘል ነገር አለች።

ዝም አለ።

«ወንድም ጋሼ?»

«አሥሩን» አለ።

ከፊት ያሉት ሁለቱ ከኤሲው ኮምፕረሰር ሥር ናቸው፣ እጅ አይገባም። ሰነፍ መካኒክ አሥሩን ቀይሮ ሁለቱን እንደሚተው ያነበብኩት ገና ልሰድበው ስዘጋጅ ነበር፣ መጋቢት ላይ። ነገርኩት። እማዬ ምን እንደሚያስቀን አልገባትም።

የፊታችን እሁድ ኮምፕረሰሩን እናነሳዋለን። ከናንተ መሀል ጋራዥ የገባችሁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጋዙን ሳያስወጣ፣ ከነቱቦው ፈትቶ ወደ ጎን ያስቀመጠ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ብሎኖቹ በኢንች ናቸው፣ አደራ።